አርባ አንድ ሰከንድ

የሥራ ባልደረቦቹ «መብረቅ» ይሉታል። ድረ ገጽ ሲሠራ ጣቶቹ ስለሚፈጥኑ ያወጡለት ስም ነው፤ ምላሱም ቢሆን ከጣቶቹ አይተናነስም። ያን ዕለት ግን መብረቅነቱ ሁሉ ጠፍቶ ነበር። የግራ ጫማው ሶል መንገድ መሀል ተገንጥሎ አፉን ሲከፍት፣ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ በአንድ እግሩ እየነጠረ፣ ከፊቱ ያገኘው ጫማ ቤት ዘው አለ።

ከባንኮኒው ጀርባ የተቀመጠችው ልጅ ቀና ብላ አየችው። መጀመሪያ ጫማውን፣ ቀጥሎ ካልሲውን አየች። ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል።

«የሚሰፋው የቱ ነው? ጫማው ነው ካልሲው?»

መብረቅ ቀዳዳውን በሌላኛው እግሩ ሊሸፍን ሲሞክር ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። እሷም ሳቋን መያዝ አቃታት፤ እሱም ከዚያ ሳቅ በኋላ ወደ ልቡ ሳይመለስ ቀረ።

አባቷ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ፣ ጣቶቻቸው ከወስፌ ብዛት የጠነከሩ ጫማ ሰሪ ናቸው። ሶሉን ሲሰፉለት መብረቅ ግድግዳውን ያይ ነበር። መደርደሪያው ከዳር እስከ ዳር ከእንጨት በተጠረቡ እግሮች ተሞልቷል፤ ፎርማ ይሏቸዋል፣ ጫማው የሚሰፋው በእነሱ ልክ ነው። እያንዳንዱ ላይ በእርሳስ ስም ተጽፏል።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ እግር የማነው?»

«የሰው ነዋ! የማን ሊሆን ኖሯል?» አሉ ሽማግሌው። «አንዱ እግሩ አጥሯል፣ የአንዷ ጣት ታጥፏል። ሱቅ ውስጥ የሚሆናቸው ጫማ የለም። ከእኔ ዘንድ ተጫምተው ሲወጡ ግን ማንም አያውቅባቸውም። ችግሩ፣ ሩቅ ያለ ሰው እኔ መኖሬን በምን ይወቅ?»

መብረቅ ወዲያው አፉን ከፈተ። ድረ ገጽ እሠራላችኋለሁ አለ። ዋጋው ሲጠየቅ «ጫማዬን ሰፍታችሁልኛል፣ ይበቃል» አለ። ልጅቷ ዓይኑን አየችው፤ እሱም ዓይኑን ወደ መደርደሪያው አሸሸ።

አንድ ወር ሙሉ ካሜራውን ይዞ ተመላለሰ። የሽማግሌውን እጅ ከቆዳው ጋር ሲታገል ቀረጸ። እያንዳንዱን ጫማ በአራት ጎን ፎቶ አነሳ። ማታ ማታ ሱቁ ሲዘጋ ልጅቷን እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ይሸኛታል። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጥሎ መንገዱ ጎርፍ ሆነ። እሱ ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ «አንቺም አውልቂና እንሻገር» አላት።

«እኔ ጫማዬን አላወልቅም» አለችና ውሃውን ከነጫማዋ ሰንጥቃ ሄደች።

ኩራት መሰለው። ኩራቷን ደግሞ ወደደው።

ድረ ገጹ ያለቀ ቀን መብረቅ ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ነካ አደረገው። ወዲያው የሽማግሌው እጅ ብቅ ብሎ ቆዳ ይሰፋ ጀመር። ፎቶዎቹ ተደረደሩ። አባት «ወይ ጉድ!» አሉ። ልጅቷ እጁን በእጇ ነካ አደረገችው። ያች ንክኪ የዓመት ደሞዝ ነበረች።

አንድ ነገር ግን አለ። መብረቅ ድረ ገጹን ከራሱ ስልክ ውጪ በማንም ስልክ ሞክሮት አያውቅም። የእሱ ስልክ ደግሞ ገጹን መቶ ጊዜ ከፍቶ ሁሉንም በሆዱ ይዞታል፤ ለምን አይፈጥን! ሥራ የጀመረ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እሱ ለመታየት ሲጣደፍ ዘነጋው።

ሁለት ወር አለፈ። ስልክ የደወለ የለም።

መብረቅ ቢሮው ተቀምጦ የጎብኚዎቹን ብዛት ሲያይ ደነገጠ። ከአሥር ሰው ስምንቱ ገጹ ሳይከፈትለት ነበር የሄደው። በደካማ ኔትወርክ፣ እንደ አዲስ ሰው ሆኖ ሞከረው። ገጹ እስኪከፈት የምትታየው ክብ ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች። ሰዓቱን ይዞ ቆጠረ፤ አርባ አንድ ሰከንድ። ያ የሚያምር ቪዲዮና እነዚያ የከበዱ ፎቶዎች በሩን ዘግተውት ኖሯል። በሁለት ቀን ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው። ግን ለማስተካከል መጀመሪያ ጥፋትን ማመን አለ፤ ማመን ደግሞ በእሷ ፊት ማነስ መሰለው። ነገ ዛሬ ሲል ሰነበተ።

በዚያው ሳምንት ሽማግሌው ጠየቁት።

«ልጄ፣ አንድ ሰው እንኳ አልደወለም። ምን ይመስልሃል?»

«ሰውማ ይገባል ጋሼ። ገብቶ ነው የሚወጣው።»

እዚህ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት! አላቆመም።

«ዘመኑ ተቀይሮ ይሆናል። ሰው እንዲህ ያለ ጫማ ማየት ደስ አይለውም። ያው… የጎደለ ሰው ጫማ ነው። ለምን ፋሽን ነገር አይሞክሩም?»

ልጅቷ ክር እየጠመዘዘች ነበር። እጇ ቆመ። አንድ ጊዜ ብቻ አየችውና ክሩን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ቀን ወዲያ እስከ ፌርማታ እንዲሸኛት አልፈቀደችም፤ ሁልጊዜ «ዛሬ ሥራ አለኝ» ትላለች። እሱም ምክንያቱ እንዳልገባው ሆኖ፣ የገባውን ያህል እያፈረ ይመለሳል።

ሦስተኛው ወር ላይ አውቶቡስ ውስጥ ከአንዲት ሴት አጠገብ ተቀመጠ። ሴትየዋ ስልኳን ይዛ ታፈጣለች። ዓይኑ ወደ ስልኩ ሄደ። ክቧን አወቃት፤ ራሱ የሠራት ክብ ናት፣ ዳሯ ላይ ትንሽ የመርፌ ምልክት አላት። በሴትየዋ ጭን ላይ ትሽከረከራለች።

«እምቢ አለ?» አላት፣ ድምፁ እየቀጠነ።

«ሦስተኛ ቀኔ ነው። ለልጄ ነበር። አንዱ እግሯ አጠር ይላል፣ ትምህርት ቤት ይስቁባታል። አንድ ጫማ ሰሪ አለ ብለውኝ…» ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ተወው፤ ቢኖሩ ኖሮ ይከፈት ነበር።»

እኔ ነኝ ሊል አፉን ከፈተ። የሱቁን አድራሻ እንኳ መንገር ይችል ነበር። ይልቁንም መውረጃው ሳይደርስ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ወረደ፤ በእግሩ ሲሄድ ፊቱ እንደ እሳት ይነድ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወደ መሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ሄደ። ሰውየው መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ እድሜ ጠገብ ስልክ አላቸው።

«አባቴ፣ ስልክዎን ለሦስት ቀን ያውሱኝ። የእኔን ይያዙ።»

«የአንተ ምን አጥፍቶ?»

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ቪዲዮውን አወጣው። ያን እጅ ሲያወጣ ጨነቀው፤ ከሁሉ የሚወደው እሱን ነበር። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አሳነሳቸው። የሱቁ አድራሻና ስልክ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ እንዲታይ፣ ጽሑፉ እንዲከተል፣ ፎቶው ሰው ወደ ታች ሲወርድ ብቻ እንዲመጣ አደረገ። ያቺን ክብ ከነመርፌዋ አጠፋት። በጥበቃው ስልክ አርባ አንዱ ሰከንድ መጀመሪያ አሥራ ሁለት ሆነ፣ ቀጥሎ ስድስት፣ በሦስተኛው ቀን ሦስት። ማንም አላጨበጨበለትም፤ እሱም ጭብጨባ አላማረውም።

ከሳምንት በኋላ ሱቁ ሲገባ ሽማግሌው ተነሥተው አቀፉት።

«አሥራ አራት ሰው ደወለ! በአንድ ሳምንት! ምክርህ ሠራ፣ ልጄ!»

«የቱ ምክር፣ ጋሼ?»

«የፋሽኑ ነዋ! ፋሽን ጫማ ጀምሬያለሁ። ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ። የሚደውሉት ሁሉ የሚጠይቁት ያንኑ የድሮውን ነው። የድሮ ደንበኞቼም እየመጡ ነው። በምን ልሥራላቸው? ለአዲሱ ቦታ ይልቀቅ ብዬ ፎርማዎቹን በጆንያ ለዳቦ ቤቱ ምድጃ ሰጠኋቸው።»

መብረቅ መደርደሪያውን ያን ጊዜ አየ። ስም የተጻፈበት አንድም እግር የለም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ! ልጅቷ ባንኮኒው ጋ ቆማ ታየዋለች። እሷ ፊት ማነስን ፈርቶ ነበር ይህን ሁሉ ያደረገው፤ አሁን ግን ማነሱ ራሱ ቀለለው።

«ጋሼ፣ ዋሽቻችኋለሁ» አለ። «ሰው ጫማዎን ጠልቶ አልሄደም። አላየውም። ገጹ አልከፈት እያለው ነው የሄደው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። አውቄም ነበር። አፈርኩና በእርስዎ ሥራ አሳበብኩ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። ለመጥረግ ይመስል ነበር፤ አልጠረጉትም። እጃቸውን ገልብጠው መዳፋቸውን ተመለከቱ።

«እኔ እኮ ይሄን ሁሉ ጊዜ እጄን ነበር የተጠራጠርኩት» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ የግራ ጫማዋን ፈታችና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። ከውጭ ሲያዩት ንጹሕ፣ ቀጭን፣ የሚያምር ጫማ ነው። ውስጡ ግን ሦስት ጣት የሚያህል ውፍረት ተደርጎለታል። ቀና ስትል ትከሻዋ ወደ ግራ አዘነበለ። መብረቅ ስንት ጊዜ አጠገቧ ተራምዷል፤ አንድም ቀን አላወቀም።

«የጎደለ ሰው ጫማ ይኸውልህ» አለችው። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «አባዬ የእኔን ፎርማ ለይቶ አስቀምጦት ነበር። ራሴ ነኝ ጆንያው ውስጥ የጨመርኩት። አንተ ከምታፍርብኝ ብዬ። አሁን ሂድ።»

ሄደ። ጫማው እግሩ ላይ ነበር፤ በባዶ እግሩ እንደሚሄድ ሰው ግን መሬት መሬት እያየ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት በሩ ላይ ቆሞ ተገኘ። ብብቱ ሥር ጥቅል ወረቀት፣ ጆሮው ላይ እርሳስ አለ። ልጅቷን አልፎ ወደ ሽማግሌው ሄደ። «ጋሼ፣ እግር መለካት ያስተምሩኝ» አለ። «እኔ ልለካ፣ እርስዎ ይጥረቡ። የጠፋው እስኪተካ እመጣለሁ።»

ሽማግሌው ወስፌያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ በእግራቸው ወለሉን አመለከቱት። «መጀመሪያ ተንበርከክ።»

እንዲህ ሆኖ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር መብረቅ በሰው እግር ሥር ይንበረከክ ጀመር። እግር በወረቀት ላይ ያስቀምጣል፣ ዙሪያውን በእርሳስ ያሰምራል፣ ስም ይጽፋል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የፎርማው መጥፋት በማን ጥፋት እንደሆነ ራሱ ይናገራል። አንዱ ይቆጣዋል፣ አንዱ ይስቅበታል። ያቺ የአውቶቡሷ ሴትም ልጇን ይዛ መጣች።

«አንተ ነህ? ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አልክ?»

«አፍሬ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም።»

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀችና የልጇን እግር ወረቀቱ ላይ አደረገችለት።

ልጅቷ በእነዚህ ቅዳሜዎች ሁሉ አላናገረችውም። ደንበኛ ትቀበላለች፣ ስልክ ታነሳለች፣ ወረቀት ሲያልቅበት ሳታየው ታቀብለዋለች። በመደርደሪያው ላይ አዲስ የተጠረቡ እግሮች አንድ ሁለት እያሉ ተመለሱ። አንድ ቀን ሽማግሌው የመጨረሻውን ስም አንብበው «አለቀ» አሉና እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ጓዳ ገቡ።

መብረቅ እርሳሱን ከጆሮው አወረደ። ከዚህ በኋላ ለመምጣት ምክንያት የለውም። ወረቀቱን ሊጠቀልል ሲል ከፊቱ ወንበሩ ተንቀሳቀሰ።

ልጅቷ ተቀምጣለች። የሁለቱንም ጫማ ክር ፈትታ እግሮቿን ነጩ ወረቀት ላይ አኖረች። ባዶ እግሯን ሲያይ ያ የመጀመሪያው ነበር። የግራዋ ከቀኟ ትንሽ ታንሳለች። ሌላ ምንም የለም።

«አንድ ይቀራል» አለች።

ተንበረከከ። እርሳሱን ተረከዟ ጋ ሲያደርስ መስመሩ ተጣመመ። አጠፋው፤ እንደገና ጀመረ፤ አሁንም ተጣመመ። ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረምና ወረቀቱን እያየ «ይቅርታ» አለ። «አሁን እጨርሳለሁ። ቶሎ እጨርሳለሁ።»

እጇ መጥቶ ፀጉሩ ላይ አረፈ።

«ቀስ በል» አለችው። «አልሄድም።»