አራት ብርጭቆ ኦቾሎኒ

ሂሳበኛው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቷል። አንገቱ ላይ የመርፌ ቀዳዳ አለ፤ በላም ማደንዘዣ ነው የሞተው። በሽታ ከላም ላም እንዴት እንደሚሄድ፣ ነገ የትኛው በረት ተራው እንደሆነ የሚያሰላበት ኮምፒውተር የለም። ጠረጴዛው ላይ የቀረው አራት ብርጭቆ ኦቾሎኒ ነው። መርማሪዋ ብርጭቆዎቹን ጋዜጣ አለበሰችና በሩን ዘጋች።

አላቢው ካቴና ገብቶለት ደጅ ቆሟል። የሟች ሚስት ወንድም ነው፤ ሬሳውን ያገኘውም እሱ። የላሞቹ ባለቤት ጋሼ ግን ፈርደው ጨርሰዋል።

«በሽታውን የሚያዞረው የዚህ እጅ ነው! ሊነቃበት ሲል ደፋው!»

«የእህቴን ባል? ጋሼ፣ ጤናም የለዎት?»

«እርስዎስ ፎቅ ላይ ወዳለው ቢሮ ወጥተው ነበር?» አለች መርማሪዋ።

ጋሼ በጀሶ የታሸገ እግራቸውን ዘረጉላት። «ይሄን ግንድ ጎትቼ? ደረጃውን ተሸክመሽኝ ውጪ!»

የላሞቹ ሐኪም ጓንቱን እያወለቀ ሳቀ።

«እኔ ቢሮው ከገባሁ ወር አልፎኛል። ምስኪን! ኦቾሎኒውን እንኳ በልቶ ሳይጨርስ።»

መርማሪዋ ሦስቱንም ወደ ላይ አስወጣች፤ ጋሼን ሁለት ፖሊስ ተሸከማቸው። ጋዜጣውን ገፈፈች።

«አላቢው፣ ይሄ ምንድነው?»

«በረቶቹ ናቸዋ! ኮምፒውተሩ ላይ ከመክተቱ በፊት በዚህ ይሞክራል። ልጣጭ ያላት ጤነኛ፣ የተላጠች የታመመች። አንዴ አንዷን ብበላበት ‹ጊደሬን ፈጀሃት!› ብሎ ጮኸብኝ።»

«የተላጡት አንደኛውና አራተኛው ውስጥ ብቻ ናቸው» አለች። «አላቢው በየቀኑ አራቱንም በተራ ያልባል። በእጁ ቢዛመት ሁለተኛው ከአራተኛው ይቀድም ነበር። ሰኞ አንደኛውንና አራተኛውን ብቻ መርፌ የወጋ ማነው?»

«ዶክተር» አሉ ጋሼ ቀስ ብለው።

«መርፌ ሳይቀይር» አለች መርማሪዋ። «ሂሳቡ እሱን አጋለጠው፤ የሥራ ፈቃዱ ሊነጠቅ ሆነ።»

«ወሬ ነው! ማስረጃ አለሽ?» አለ ሐኪሙ።

«ኦቾሎኒውን ከእኔ በፊት ያየ አላቢው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በረት እንጂ ምግብ አይለውም። ወር ሙሉ ያልገቡት ዶክተር በምን አዩት? ኮምፒውተሩን ሲወስዱ ይሄን መክሰስ መስሎዎት ተዉት።»

ካቴናው እጅ ቀየረ።

ጋሼ ማፈራቸውን ሊደብቁ ወደ ሁለተኛው ብርጭቆ እጃቸውን ሲሰዱ አላቢው ቸብ አደረጋቸው።

«ተዉ ጋሼ፣ ጤነኛ ናት። ለእህቴ ነው የምወስድላት።»