ከመስመሩ ወዲህ ወይስ ወዲያ

አባቷ ከጀልባ ይዞት የመጣውን ከረጢት ብሩና ገንዳው ውስጥ ዘረገፈችው። ዓሣው ለጨረታ ከመቅረቡ በፊት ለእያንዳንዱ አጥማጅ ለእራቱ የምትወጣለት ድርሻ ናት። ሎብስተሮቹን፣ ባለ ቅርፊቶቹን የባሕር ፍጥረታት፣ አንድ በአንድ እያጠበች ስድስተኛው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ከሎብስተሩ ጀርባ ቢጫ ፕላስቲክ ወጥቷል፤ ላዩ ላይ 0417 ይላል።

ምልክቱን ታውቀዋለች። ከባርሴሎና የምትመጣው ተመራማሪ ዶክተር ኤውላሊያ ትምህርት ቤታቸው ድረስ መጥታ አሳይታቸዋለች። እንዲህ ምልክት ተደርጎባቸው ወደ ባሕር የተመለሱት ክልክሉ ውስጥ ያሉት ሎብስተሮች ብቻ ናቸው። ክልክሉ ሦስት መቶ ሃምሳ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ፣ አራት ዓመት ሙሉ መረብ እንዳይነካው የተባለ ቦታ ነው። ሎብስተሩ ተሟጦ ሊያልቅ ሲል አጥማጆቹ ራሳቸው ተስማምተው ዘጉት። በየቤቱ እየዞረ፣ እየተሰደበ ያስማማቸው የብሩና አባት ናርሲስ ነበር።

«አባዬ፣ ይሄን አየኸው?»

ናርሲስ ቦት ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ ተዘርግቷል። ቀኑን ሙሉ የሰሜኑ ነፋስ ሲገርፈው ስለዋለ ዓይኑ ቀልቷል። ገለጥ አድርጎ አየና መልሶ ጨፈነው።

«እሰይ! ከክልክሉ ወጥቶ መጣ ማለት ነዋ። ለዶክተሯ ስጫት፣ ትደሰታለች።»

ድምፁ ላይ ግን ደስታ አልነበረም። ብሩና ምልክት ያለው ሎብስተር ሲያዝ የሚሞላውን የዶክተሯን ቅጽ ከመሳቢያ አወጣች።

«የተያዘበት ቦታ የት ልበል?»

«ከክልክሉ መስመር ውጪ በያ!»

«እውነት ከውጪ ነው?»

«ጀልባዋ መስመሩን አላለፈችም። ጀልባዋ ላይ ያለውን መከታተያ ሳጥን ጠይቂው፣ ካላመንሽኝ።»

«ስለ ጀልባዋ መች ጠየቅኩህ?»

ብሩና የአጥማጅ ልጅ ናት፤ መረቡ ከጀልባው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ወደኋላ ቀርቶ እንደሚጎተት ታውቃለች። ጀልባው የክልክሉን ማዕዘን ተጠግቶ ከታጠፈ፣ መረቡ ማዕዘኑን ቆርጦ በውስጥ ያልፋል። ሳጥኑ የሚያየው ጀልባውን እንጂ መረቡን አይደለም።

«ደክሞኝ ነበር» አለ ናርሲስ። «በሰፊው ብዞር ጨረታው ሊያመልጠን ነው። ሦስት ቀን ባዶ መረብ ስንጎትት ከርመን…»

«ታዲያ ውስጥ ነው ልበል?»

«ስሚኝ። ዓርብ የአጥማጆች ስብሰባ አለ። ግማሾቹ ክልክሉ ይከፈት እያሉ ነው። ታገሱ ብላቸው፣ ብለምናቸው፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ይሄ ሎብስተር በራሱ እግር ወጣ ከተባለ ግን ክልክሉ ለእኛም እየተረፈ ነው ብለው ዝም ይላሉ። ክልክሉ ይተርፋል። ውስጥ ነው ካልሽ ጀልባዋ በቅጣት ሁለት ሳምንት ትታሰራለች፤ እኔም ከእንግዲህ በምን አፌ እናገራለሁ? ሆድ ይፍጀው በይው፣ ልጄ።»

አንጀቷን በላት። ውሸቱ ማንንም የሚጎዳ አይመስልም፤ ብሩናን የከበዳትም ይሄው ነው። ግን ሎብስተሩ አልወጣም። ዶክተር ኤውላሊያ አንዷን የውሸት ቃል አምና ካርታዋ ላይ ታሰፍራለች፤ አጥማጆቹም ሎብስተሩ ወደ እነሱ እየመጣ ነው ብለው ያልመጣውን ሲጠብቁ ይከርማሉ። ከዚያ በኋላ አባቷን ማን ያምነዋል? እሷስ ራሷ ታምነዋለች?

እጇን በፎጣ አደረቀችና ቁጥሩንና ቀኑን ሞላች። ቦታው ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ «ከክልክሉ ውስጥ» ብላ ጻፈች። ቅጹንና እስክሪብቶውን አባቷ ፊት አኖረችለት።

«የጀልባዋን ስም አልጻፍኩም። እሱን አንተ ጻፈው።»

«ደክሞኛል፣ ብሩና።»

«አውቃለሁ። እጠብቅሃለሁ።»

ወንበር ስባ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ናርሲስ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበው።

«ዓርብ ስብሰባው ላይ ትመጫለሽ?» አላት፣ እስክሪብቶውን እያነሳ።

«አጠገብህ ነው የምቀመጠው» አለችው።