አርባ ዘጠኝ ሜትር

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው... እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ሌሊት አልነበረም። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ፀሐይ ወጥታለች፣ አስፋልቱ ደርቋል።

የአውቶቡስ መካኒክ ነኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን፣ በዝናብ፣ አንዱ አውቶቡሳችን ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ አልቆም ብሎ ገደል ገባ። ተሳፋሪ አልነበረም። ሹፌሩ ግን ሞተ።

ሲነዳ ቀርፋፋ ስለነበር «ቀስ በቀስ» ነበር የምንለው።

ሥራ አስኪያጃችን ታዲያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «በፍጥነት ነድቶ ነው!» ማስረጃው አስፋልቱ ላይ የቀረው የጎማ ጭረት። አርባ ዘጠኝ ሜትር።

ደሜ ፈላ።

በሃምሳ የሚሄድ መኪና በደረቅ መንገድ ፍሬን ሲያዝ አስራ አምስት ሜትር ይበቃዋል። ጎማው ካለቀና መንገዱ ከረጠበ ግን ሰበቃ የለም፤ አስፋልቱን የሚቆነጥጥበት ነገር የለውም። ብትረግጠው ብትረግጠው ይንሸራተታል። ጎማው ይቀየር ብዬ ሥራ አስኪያጁን ሦስት ጊዜ ለምኜዋለሁ። «ትንሽ ይሂድ» ነበር መልሱ።

አደጋው የደረሰበት ቁልቁለት ላይ ቆመን ወረቀት ሰጠኝ። «ጎማው ደህና ነበር» ይላል።

«ፈርም።»

«አልፈርምም።»

«የሞተ አይከሰስ... ፈርምና እንገላገል።»

«ልጆቹስ? አባታችን በገዛ ጥፋቱ ሞተ እያሉ ይደጉ?!»

«ተወው፣ እኔው እፈርማለሁ» አለና እስክሪብቶውን አሳረፈ።

እስክሪብቶው አልጻፈም... ወረቀቱ ላይ ተንሸራተተ።

ከጣቱ አመለጠው። አነሳው... አመለጠው።

መነጽሩ ከአፍንጫው ወረደ።

ከዚያ የጫማው ክር ተፈታ። ማንም ሳይነካው... ቋጠሮው በራሱ ላላ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ በሹክሹክታ።

መንሸራተት ጀመረ።

እግሩን ሳያነሳ... ቀጥ ብሎ እንደቆመ... ቁልቁል።

«ያዘኝ!»

አልዋሻችሁም፣ ንዴቴ ለአፍታ እጄን አሰረው። ከዚያ ዘልዬ ክንዱን ጨበጥኩ። ሳሙና እንደተቀባ ሙልጭ አለኝ። የመንገዱን የብረት አጥር ያዘ... እጁ ሙልጭ አለ።

መታጠፊያው ጋ ተሰወረብኝ። ሮጬ ደረስኩ።

ከመታጠፊያው ወዲያ መንገዱ ቀጥ ያለ ዳገት ነው።

እሱም... ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ እጆቹን እንደዘረጋ... ዳገቱን ወደ ላይ እየተንሸራተተ ነበር።