ከጥቁሩ መስታወት ኋላ የተሰጠ ዳኝነት

ወንድም ሮይስ ቲንደል በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ በገዛ ቢሮው ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቷል። የተመታበትም አጠገቡ ነው፤ ባለፈው ጸደይ ክበቡ በክፍለ ግዛቱ ውድድር ያሸነፈው፣ የእብነ በረድ መቀመጫ ያለው ዋንጫ። መርማሪ ኔልዳ ስትራውድ ጎንበስ ብላ አየችው። ዋንጫው ተጠርጓል። የጠረገው ሰው ጨርቁን አራት ላይ አጥፎ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጦታል።

ኔልዳ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሬሳ ስታይ ኖራለች፤ ደም አያስደነግጣትም። ይህችን የታጠፈች ጨርቅ ግን ደጋግማ አየቻት። ሰው ገድሎ ቤት የሚያስተካክል እጅ ምን ዓይነት እጅ ነው?

ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የተላከ ባዶ ፖስታ አለ። ደብዳቤው የለም። ከሥሩ «የሳይለስ ፕሩት የክርክር ማስረጃ» የሚል ወረቀት ተቀምጧል፤ ከተጠቀሱት ምሁራን አንዱ፣ ዶክተር ሃርላን ዌድ የሚባለው፣ ስሙ በቀይ ተከቧል።

የሮይስ ክበብ እቤታቸው ከወላጆቻቸው የሚማሩ የክርስቲያን ልጆችን ንግግርና ክርክር ያሠለጥናል። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ወንዶቹ በከረባት፣ ሴቶቹ በረጅም ቀሚስ ይሰበሰባሉ። በዛሬው ሐሙስ ሌሎቹ ቤተሰቦች አረጋውያን መጦሪያ ንግግር ሊያቀርቡ ሄደዋል። ከሮይስ ሌላ የቀሩት አምስት ብቻ ናቸው።

«አንቺ ኔልዳ፣ ምን ታደርቂናለሽ?» አለ ዲያቆን ዌንደል ሆስኪንስ ደረጃው ላይ ቆሞ። በልጅነቷ የሰንበት ትምህርት ያስተማራት ሰው ነው። «እኔ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ሣር ሳጭድ ነበር። ሞተሩ ሲጮህ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ያቺ የፈታች ሴትዮ ናት። ጠዋት ከሮይስ ጋር ስትጨቃጨቅ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ።»

«በሰንበት ትምህርት ስለ ሐሜት ያስተማርከኝን ረሳኸው?»

«ይሄ ሐሜት አይደለም፤ ምስክርነት ነው።»

የፈታችው ሴት ማርላ ኬስተር ናት። ዛሬ የአሥራ አምስት ዓመት ልጇን ጆሊንን ክበቡ ውስጥ ልታስገባ መጣች፤ አዲስ ሰው ምግብ ይዞ ይመጣልና ዶሮ በሩዝ ሠርታ አመጣች። ምግቡን ልታሞቅ ምድር ቤት ወደሚገኘው ወጥ ቤት ወርዳ ሳለ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት። አሁን ሁለት ፖሊሶች ግራና ቀኝ ቆመውባታል።

«አዎ ተጨቃጭቀናል» አለች። «የፈታች እናት አንቀበልም አለኝ። ባሌ ይደበድበኝ ነበር አልኩት። በኋላ ተለሳለሰና ‹ልጅቷ መጀመሪያ ትከራከር፣ እናያለን› አለ። ለምን እገድለዋለሁ?»

ጆሊን የእናቷን እጅ ለቃ ኔልዳን ተከተለቻት። «እማዬን ካሰራችኋት አባቴ ቤት ነው የምትወስዱኝ» አለች በሹክሹክታ። «እባክዎ፣ እዚያ አይስደዱኝ።»

ኔልዳ ልጅቷን ወደ እናቷ መልሳ ወደ ግሌንዳ ፕሩት ሄደች።

ግሌንዳ የክበቡ ምክትል ናት፤ ዋንጫውን ለክበቡ ያሸነፈው የሳይለስም እናት። ዚፕ ባለው የቆዳ ሽፋን የተሸፈነውን መጽሐፍ ቅዱሷን ጭኗ ላይ አድርጋ ዓይኗን ትጠራርጋለች።

«በሰው መፍረድ የእኔ ሥራ አይደለም፣ መርማሪ ስትራውድ። ለዚያች ምስኪን ሴት እየጸለይኩላት ነው። ግን ቤቷን ያፈረሰች ሴት… ምን ልበልዎ።»

«ስለ እሷ ሳይሆን ስለ እርስዎ ይንገሩኝ።»

«ከአራት ሰዓት ጀምሮ የአራሶች ክፍል ሆኜ ሳይለስንና አዲሲቷን ልጅ ስዳኝ ነበር።»

የአራሶች ክፍል ከአምልኮ አዳራሹ ኋላ ነው። እናቶች ሕፃን ሲያለቅስባቸው ይገቡበታል። መስታወቱ ከውስጥ አዳራሹን ያሳያል፤ ከአዳራሹ ሲታይ ግን ጥቁር ነው። ንግግሩ በድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ የራሱም በር አለው፤ ኮሪደሩን ይዘው ቢሄዱ ምድር ቤት ያወርዳል።

«ለምን እዚያ ሆነው?»

«ልጆቹ የዳኛውን ፊት እያዩ እንዳይናገሩ። አንድም ቃል አላመለጠኝም። ሁሉንም በዳኝነት ወረቀቴ ላይ ጽፌ፣ አሽጌ ሣጥኑ ውስጥ ከትቼዋለሁ። እስከ ቀኑ መጨረሻ አይከፈትም፤ ደንባችን ነው።» ይህን ብላ መሐረቧን አጠፈች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አራት ማዕዘን እስኪሆን።

ኔልዳ መሐረቡን አይታ ወደ ሳይለስ ሄደች።

ሳይለስ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ፊቱ ግን እንደ አመድ ነጥቷል። በየአረፍተ ነገሩ «እመቤቴ» ይላል።

«እናትህ ክፍሉ ውስጥ ነበረች?»

«መስታወቱ ጥቁር ነው፣ እመቤቴ። አትታይም። ግን ሁልጊዜ አለች።»

«ወንድም ሮይስን ዛሬ አነጋግረኸው ነበር?»

ልጁ የጃኬቱን ቁልፍ ከፈተና መልሶ ቆለፈ። «አዎ፣ እመቤቴ። ከክርክሩ በፊት።» ምን እንዳለው ስትጠይቀው ቁልፉን ደግሞ ከፈተ።

ጆሊን ግን ወረቀት ነበራት። ተከራካሪ ሁሉ የተባለውን በየዓምዱ ይጽፋል፤ እሷም ጠዋት እንዳስተማሯት ጽፋለች። ርዕሱ «ምሕረት ከፍትሕ ይበልጣል» ነበር፤ እሷ ለምሕረት፣ ሳይለስ ለፍትሕ። የፊተኞቹ ዓምዶች ጢም ብለው ሞልተዋል። የመጨረሻው ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

«ይሄኛው ምን ሆኖ ነው?»

«የሳይለስ የመዝጊያ ንግግር ነው። ስድስት ደቂቃ ነበረው። ተነሣ፣ ‹ጆሊን ትክክል ናት። የምለው የለኝም› አለና ተቀመጠ። የጨዋነት ደንባችሁ መስሎኝ ነበር፤ ለአዲስ ሰው የሚደረግ።»

«ለማን ነገራችሁ?»

«ለማንም። ወዲያው እማዬ ስትጮህ ሰማን፤ ከዚያ ፖሊሶቹ ለያዩን።»

ኔልዳ ሣጥኑን አስከፈተች። የዳኝነት ወረቀቱን ቆማ አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው። ከዚያ ሁሉንም አዳራሽ ጠራቻቸው።

አግዳሚዎቹ ላይ ተራርቀው ተቀመጡ። ከኋላቸው ጥቁሩ መስታወት አለ። ማርላ በሁለቱ ፖሊሶች መካከል ናት።

«አጭር ነው» አለች ኔልዳ። «ዌንደል፣ አንተን እንኳ የማጨጃህ ጩኸት አዳነህ። ጆሊን ድምፁን ለማሸነፍ እየጮኸች ነው የተከራከረችው።»

«እኔስ ምን አልኩሽ!»

«ዝም በል። ወንድም ሮይስ ዛሬ ደብዳቤ ነበረው። ስለ ዶክተር ሃርላን ዌድ ዩኒቨርሲቲውን ጠይቆ ነበር። ፖስታው አለ፣ ደብዳቤው የለም። የፈታችው እናት ብትገድለው ደብዳቤው ለምን ይጠፋል? ማርላ ዶክተር ዌድን ከየት ታውቀዋለች? ሳይለስ፣ ይህን ምሁር ማን ሰጠህ?»

«እናቴ ናት፣ እመቤቴ። ማስረጃዎቼን የምታዘጋጅልኝ እሷ ናት።»

«ሮይስ ጠዋት ምን አለህ?»

ልጁ ወለሉን እያየ መለሰ። «እንዲህ የሚባል ሰው የለም አለኝ። ዋንጫውን እመልሳለሁ አለ። ለእናትህም ነግሬያታለሁ አለኝ።»

ግሌንዳ ፈገግ አለች። «ስህተት ሊሆን ይችላል። እኔ ግን እዚያ ውስጥ ነበርኩ። ወረቀቴ ይመስክር።»

«ይመስክር» አለች ኔልዳ፣ ጮክ ብላም አነበበች፤ «‹የሳይለስ መዝጊያ፤ ስድስቱን ደቂቃ በሚገባ ተጠቅሟል። በነቢዩ ቃል ሲዘጋ ልብ ይነካል። አሸናፊ፣ ሳይለስ።›»

ጆሊን አፏን በእጇ ያዘች። ሳይለስ ቀስ ብሎ ወደ እናቱ ዞረ።

«ግሌንዳ፣ ልጅዎ መዝጊያውን አልተናገረም። በሁለት ዐረፍተ ነገር ተሸንፌያለሁ ብሎ ተቀመጠ፤ በሐሰት ማሸነፍ አስጠልቶት። ጆሊን ጽፋዋለች። እርስዎ ግን ያን ጊዜ ታች ነበሩ። ንግግሩን እርስዎ ስለጻፉት በቃልዎ ያውቁታል፤ ልጅዎም ከጻፉለት ውጪ ይናገራል ብለው በሕልምዎም አላሰቡም። ጨርቁን አጠፉ፣ ወጡ፣ ተቀመጡና ደም በጠረጉበት እጅ ‹ልብ ይነካል› ብለው ጻፉ። ከዚያ ለማርላ ጸለዩላት። ብዙ ወንጀለኛ አይቻለሁ። እንደ እርስዎ የቀፈፈኝ የለም። አሁን የዚያን መጽሐፍ ዚፕ ይክፈቱ።»

ግሌንዳ አልከፈተችም። ፖሊሱ ከፈተው። የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ከሽፋኑ ኪስ ወጣ፤ አራት ላይ ታጥፏል።

«ለእሱ ብዬ ነው!» ጮኸች ግሌንዳ። «አሥራ ሁለት ዓመት እቤቴ ያስተማርኩት ልጅ በአንድ ስም ምክንያት ሌባ ሊባል? ሳይለስ! ተነሥና መልስላት! መዝጊያ መናገር ታውቃለህ፤ ሰው ሁሉ እንደሚዋሽ፣ ሰው ሁሉ እንደሚሳሳት ንገራት… ተነሥ እንጂ!»

ልጁ ተነሣ። እንደለመደው ጃኬቱን ቆለፈ፤ ወደ አትሮኖሱ ሄደ። መጀመሪያ ጥቁሩን መስታወት አየ፤ ከዚያ፣ ምናልባት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የዳኛውን ፊት፣ የእናቱን።

ፖሊሶቹ ማርላን ለቀቋት። ጆሊን ሮጣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«የምለው የለኝም» አለ ሳይለስ፤ ተመልሶም ተቀመጠ።