እንገር የቀመሰችው አሳማ

ሉድቪግ አይግነር በተተከለለት የአሳማ ልብ አርባ ሰባት ቀን ኖሮ በአርባ ስምንተኛው ጠዋት ሞተ። አስከሬኑ ሲመረመር ልቡ በአሳማ ቫይረስ ተወርሮ ተገኘ። መርማሪዋ ቫልትራውድ ኬሰልሪንግ ከሙኒክ የተጠራችው ግን ለእሱ አልነበረም፤ የሞተስ ሞቷል። የዚያችው አሳማ ኩላሊት ሁለት ክፍል አልፎ በተኛችው በአፍራ ሊንድነር ሆድ ውስጥ ይሠራል። ቫይረሱ ልቡን ሆስፒታሉ ውስጥ ከያዘው አፍራ ትተርፋለች፤ ከአሳማዋ ጋር ከመጣ እሷም አለቀላት። ቫልትራውድ በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆስፒታሉ ጥፋተኛ ሆኖ እንዲገኝ ተመኘች።

ቀዶ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ታልማየር ቀና ብሎም አላያት።

«እኔ የሰጡኝን ልብ ነው የሰፋሁት። ቤተ ሙከራውን ይጠይቁ።»

የቤተ ሙከራዋ ኃላፊ ዶክተር ሲቢለ ራውኽ ደግሞ ወረቀቷን ዘረጋች።

«የአሳማዋን አፍንጫ አምስት ጊዜ መርምሬያለሁ። አምስቱንም ጊዜ ንጹሕ ነበር።»

«ደሟንስ?»

«እንድመረምረው አልታዘዝኩም። ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ።»

«እንግዲያው ዛሬውኑ ይመርምሩልኝ፤ የእህት ወንድሞቿንም ጭምር። ቫይረሱ ሥጋ ውስጥ ከተኛ አፍንጫ ምኑን ያውቃል?»

ከዚያ አሳማዋ ወዳደገችበት እርባታ ሄደች። እዚያ ግልገሎቹ በቀዶ ጥገና ይወለዳሉ፤ በሽታ እንዳይተላለፍባቸው እናታቸውን ሳይነኩ ጡጦ ይጠባሉ፤ በየጠዋቱ ይመዘናሉ። ጠባቂው ኮርቢኒያን ሞዘር ስድሳ ዓመት ያለፈው ግዙፍ ሰው ነው።

«ልቧ የተወሰደው ቁጥር ዘጠኝ እንዴት ያለች ነበረች?»

«ሬዝል? ስትወለድ እንኳ አቅም አልነበራትም። ኋላ ነው የጠነከረችው።»

ሌላው ሁሉ በቁጥር ነበር የሚጠራት። ቫልትራውድ የሚዛን መዝገቡን ገለጠች። ሦስተኛው ቀን ላይ «ጡጦ አልያዘችም» ይላል። በማግስቱ ግን መቶ ሰማንያ ግራም ጨምራለች።

«አቶ ሞዘር፣ ከማዶ ተራዎቹ አሳማዎች በሚያድሩበት ጋጣ ያኔ አራስ አሳማ ነበረች?»

«አሳማ መውለድ መቼ ያቆማል?» አለ። ሊያስቃት ፈልጎ ነበር፤ ራሱም አልሳቀም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም፣ ሞዘርም ሳይቀር፣ በአፍራ አልጋ ዙሪያ ተሰበሰቡ። «ስለ እኔ ከሆነ የምታወሩት እኔው ፊት ይሁን» ብላ ነበር።

«አሳማዋ ከመታረዷ ከወር በፊት በተቀዳው ደም ውስጥ የቫይረሱ ምልክት አለ» አለች ቫልትራውድ። «ስለዚህ እዚህ አልያዛትም፤ ይዛው መጣች። አብረዋት የተወለዱት ዐሥሩ ግን ንጹሕ ናቸው። እንግዲህ ምግቡም አየሩም አይደለም፤ እሷን ብቻ ያገኛት ነገር ነው። በሦስተኛው ቀን ጡጦ እምቢ አለች፣ በአራተኛው ክብደት ጨመረች። ባዶ ሆድ አይጨምርም፤ ከሌላ አሳማ ጠብታለች። ያጠባት ደግሞ ስም ያወጣላት ሰው ነው።»

ሞዘር አልካደም።

«ስታለቅስ ዋለች። ልትሞት ነው ብዬ ነው። አንዴ ብቻ እንገር አስቀመስኳትና መለስኳት።»

«እንዳይደረግ ተነግሮዎታል» አለች ሲቢለ።

«ተነግሮኛል። እርስዎ ግን ስታለቅስ አልሰሟትም።»

«ደሟንም አልመረመሩም» አለች ቫልትራውድ፣ ወደ ሲቢለ ዞራ። ክፋት ቢሆን ኖሮ ለመጥላት ይመቻት ነበር፤ ያገኘችው ግን ርኅራኄና ስንፍና ነው፤ በዚህም ከልቧ አዘነች።

ታልማየር ወደ አፍራ ዞረ። «ለዚህ ቫይረስ የሚሠራ መድኃኒት የለንም። ኩላሊቱ ነገ ይወጣል።»

«ከዚያስ ወደ እጥበት ማሽኑ ልመለስ?» አለች አፍራ። «ዘጠኝ ዓመት ደሜን ታጥቤ መርፌ የሚገባበት ሥር አልቀረኝም። ለዚያ አይደል የአሳማ የሰጣችሁኝ?»

«ሌላ መንገድ አለ ብዬ አልዋሽዎትም» አለ ታልማየር።

አፍራ ሆዷን በእጇ ያዘች። «እስከ ነገ ግን የእኔ ነው?»

«እስከ ነገ የእርስዎ ነው።»

«እንግዲያው ውሃ ስጡኝ። ኩላሊት የሌለው እንደ ልቡ አይጠጣም፤ ዘጠኝ ዓመት በልክ ነው የጠጣሁት።»

ቀድሞ የተነሣው ሞዘር ነበር። ቀዳላት፤ ጠጣች። ብርጭቆውን መልሳ ዘረጋችለት፤ እያለቀሰ ደገመላት።