ያልተንተባተበው የእምነት ቃል

ይህን የምጽፍላችሁን ውሸት ነው የምትሉ ካላችሁ መብታችሁ ነው። እኔም ባይደርስብኝ አላምንም ነበር።

እሁድ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ውጭው ጠራራ ፀሐይ፣ ቤት ውስጥ እኔና ወንድሜ ብቻ።

መጀመሪያ ግን ይህን ስሙኝ።

ወንድሜ አከራያችንን፣ እማማ የምንላቸውን አሮጊት ገድለሃል ተብሎ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ነበር። ማስረጃው ደግሞ የራሱ ቃል ነው። ፖሊስ ጣቢያ ሲያምን ድምፁ ተቀድቷል።

"አልገደልኩም" ይለኛል ልጠይቀው ስሄድ።

"ታዲያ ማን አናገረህ?"

"አ... አ... አላውቅም እታለም። አ... አፌ ነው የተናገረው።"

ተናደድኩበት። አፍ ብቻውን ይናገራል እንዴ?

እሱ ከታሰረ ወዲህ ሰው ሁሉ ሸሸኝ። ጎረቤት ሰላምታ ነፈገኝ። ብቸኝነቱ ሲብስብኝ ባዶ ወንበሩን "ብላ እንጂ!" እለው ነበር። አዎ፣ ሳቁብኝ...

ለይግባኙ ጠበቃው ቅጂውን አሰማኝ።

ድምፁ የወንድሜ ነው። ግን አፉን ከፈታ ጀምሮ የሚንተባተብ፣ ስሙን ለመናገር እንኳ የሚያልበው ልጅ... እንደ ውሃ ይፈሳል!

"እማማ ምድጃው ጋ ቆመው ነበር። ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ቀስ ብዬ ገባሁ።"

በየመሃሉ ዝም ይላል። የሆነ ሰው የሚነግረውን የሚያዳምጥ ይመስላል።

"ፖሊሶቹ አስጠንተውት ነው!" አለ ጠበቃው።

ዳኞቹ ያንኑ ቃል ችሎት ላይ ድገመው አሉት።

"እ... እ... እማ..."

ላብ አጠመቀው። ከመጀመሪያዋ ቃል አላለፈም።

ነፃ ወጣ! ችሎት መሆኑን ረስቼ "እሰይ!" ብዬ ጮህኩ።

እና ያ እሁድ...

ዕቃ እያጠብኩ ነው። እሱ ጓዳ ጋደም ብሏል። ድንገት ሲያወራ ሰማሁት። ከማን ጋር? ስልክ እንኳ የለውም።

"እህቴ ዕቃ እያጠበች ነበር።"

አልተንተባተበም።

ዝም አለ... ቀጠለ።

"ውሃውን ዘጋች። እጇን አደራረቀች።"

እጄ ገና ቧንቧው ላይ ነበር። ሳላስበው ዘጋሁት...

እጄንም አደራረቅኩ። ሩጪ ሩጪ አለኝ። ግን ወዴት? ከእሱ ሌላ ማን አለኝ? ያንን ባዶ ወንበር እንደገና ከማይ ሞቴን መረጥኩ።

"ቀስ ብላ በሩን ገፋች።"

ገፋሁት።

ወንድሜ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። እንባው በጉንጩ ይወርዳል። አትግቢ ለማለት ራሱን ይነቀንቅልኛል።

በሁለት እጁ አፉን ግጥም አድርጎ ይዞታል።

ድምፁ ግን መናገሩን አላቆመም...