ያልታረመ ትምህርት

አራርሳ የሞተው መቱ ባለው የቡና ገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ውስጥ፣ ኮምፒዩተሩን ፊቱ እንደከፈተ ነበር። የገደለው የነቀዝ መድኃኒት ጋዝ ነው። ትልቁ በር ላይ «መድኃኒት ተደርጓል፣ አትግቡ» የሚል ሰሌዳ ተንጠልጥሏል። የመጋዘን ኃላፊው ጋሼ ደበሳ ወዲያው ከቤታቸው ተይዘው ታሰሩ፤ የመድኃኒቱ ሣጥን ቁልፍ እሳቸው ዘንድ ነዋ!

ለኢንስፔክተር ጃለኔ ግን ነገሩ አልዋጥላት አለ። ግቢውን ትዞራለች፣ በሩን ታያለች፣ ደግሞ ትዞራለች። ትልቁ በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። ሰው የሚገባው በጓሮ ባለችው ትንሽ በር ነው፤ እዚያ ምንም ምልክት የለም። ማንም በማያልፍበት በር ላይ ሰሌዳ የሚሰቅል ምን ዓይነት ሰው ነው?

«ሟቹ ምን ይሠራላችሁ ነበር?» ስትል ቡና ቀማሿን ሉባባን ጠየቀቻት።

«ለማኅበሩ ሶፍትዌር ሊሠራ ነው የመጣው። መጀመሪያ ግን ምን እንደሚያስፈልገን ለማወቅ እርስ በርስ እንድንማማር አደረገን። አንዱ የሌላውን ሥራ ተምሮ ለሁላችንም ያስረዳል፤ ባለሥራው ደግሞ በማግስቱ ስህተቱን ያርማል። እኔ የግዢ ኃላፊውን የፋኦልን ሥራ ተማርኩ።»

«ምን አገኘሽ?»

ሉባባ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ፋኦል ከኖፓ ወረዳ የሚገዛው ቡና እኔ ሳልቀምሰው ከሌላ ርካሽ ቡና ጋር ይደባለቃል። ለምን ብዬ ብጠይቅ፣ አራርሳ አጣራለሁ አለ።»

«የጋሼ ደበሳንስ ሥራ ማን ተማረ?»

«ሒሳብ ሠራተኛዋ ሲፋን። ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ ሳይቀር ነገረችን።»

ከሰዓት በኋላ ጃለኔ ሁሉንም መጋዘኑ ደጃፍ ሰበሰበች። ጋሼ ደበሳ በካቴና መጡ።

«አኒ ሂን ጎኔ! አላደረግኩትም! ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል?» አሉ።

«እስቲ አንዴ እንደ አራርሳ እንማማር» አለች ጃለኔ። «መድኃኒት ሲደረግ ሰሌዳው የት ይሰቀላል? ፋኦል፣ ካንተ እንጀምር።»

«ትልቁ በር ላይ ነዋ» አለ ፋኦል ሳያቅማማ። «ሲፋን አስረድታናለች።»

ሲፋን ክው አለች። «ተሳስቼ እኮ ነው! በማግስቱ ጋሼ ደበሳ አረሙኝ። ትንሿ በር ላይ ነው።»

«እኔም ሰምቻለሁ» አለች ሉባባ። «አንተ ያን ቀን ኖፓ ነበርክ።»

የፋኦል ፊት አመድ መሰለ።

«ገዳዩ የጋሼ ደበሳን ሥራ ለማስመሰል ሰሌዳ ሰቀለ» አለች ጃለኔ። «እሳቸው ቢሆኑ ትንሿ በር ላይ ይሰቅሉት ነበር። ሲፋንና ሉባባ እርማቱን ሰምተዋል። ስህተቱን እንደያዘ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው። አራርሳ ማለዳ እዚህ ብቻውን እንደሚሠራ ታውቃለህ፤ የኖፓው ቡና ቢጣራ ደግሞ የሚጋለጠው ያንተ ሥራ ነው።»

«ላስፈራራው ብዬ እንጂ...» ብሎ ጀመረና አቋረጠ። ሁለት ፖሊሶች ያዙት።

ካቴናው ተፈታላቸው፤ ጋሼ ደበሳ ግን ደስታ አልታየባቸውም።

«የቁልፉን ቦታ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ለማንም አላስተምርም!»

ሲፋን እጃቸውን ያዘች። «ታዲያ ስሳሳት ማን ያርመኛል፣ ጋሼ?»

ሽማግሌው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው አለቀሱ።